ሽው ብሎ ያለፈ ሐሳብ ኃጢአት ነው ወይ?

ይህን የውይይት ክር ከከፈትኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ምላሹ 34 ደርሷል። ዘግይቶ የሚገባ ሰው ሁሉንም ለማንበብ እንደሚቸገር አውቃለሁ። ስለዚህ የተባለውን በራሴ አነጋገር ልተርክላችሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ ቁጥሮቹን ግን እጠቅሳለሁ።

መጀመሪያ ጥያቄዬ። የእህቴን ልጅ ታቅፌ ደረጃ ላይ ቆሜ ነበር። ያኔ ሁለት ወሯ ነው። ጭንቅላቷን ክንዴ ላይ ጥላ፣ በአንድ እጇ የሸሚዜን ቁልፍ ይዛ ተኝታለች። ወደ ታች አየሁ። አንድ ሐሳብ ሽው አለብኝ። ብለቃትስ? አልፈለግኩትም፣ አልጠራሁትም፣ ከየት እንደመጣም አላውቅም። ጉልበቴ ከዳኝ። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩና መደገፊያውን ጨበጥኩ። ለእህቴ አዞረኝ ብዬ ሕፃኗን ሰጠኋት። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ አላቀፍኳትም። ሁልጊዜ ሰበብ አላጣም ነበር፤ ጉንፋን ይዞኛል፣ እጄ አልታጠበም፣ ቸኩያለሁ።

ማታ ማታ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ይመጣብኛል። በልቡ የተመኘ በልቡ አመንዝሯል ከተባለ፣ በልቧ ሕፃን የጣለችው ምን ልትባል ነው? አእምሮዬ ያልመረጥሽው ነገር አያስጠይቅሽም ይለኛል። እምነቴ ደግሞ እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው ይለኛል። ሐሳብ አይቆጠርም ካልኩ የጌታን ቃል የት ላድርገው? አትመኝ የሚለውን ትእዛዝስ? ይቆጠራል ካልኩ ደግሞ ነፍሰ ገዳይ ነኝ ማለት ነው። እምነቴንም አእምሮዬንም ሳልጥል እንዴት ልኑር ብዬ ጠየቅኩ።

ምላሽ 1 የመጣው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። አንዲት እናት የራሷን የመጀመሪያ ልጅ ስታጥብ እንዲህ ያለ ሐሳብ እንደመጣባት፣ ለማንም ነግራ እንደማታውቅ ጻፈች። መልስ አልሰጠችም። በጸሎት አስብሻለሁ ብቻ ብላ ወጣች። ከሁሉም ምላሽ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን ነው።

ምላሽ 2 ላይ ነገሩ ጠነከረ። ጸሐፊው ቃሉ ግልጽ ነው ባይ ነው። በሐልዮም በነቢብም በገቢርም (በሐሳብም በንግግርም በድርጊትም) ኃጢአት ኃጢአት ነው፤ ልዩነት የምናበጀው መሸሸጊያ ስንፈልግ ነው ይላል። ሔዋንም የወደቀችው ከትእዛዙ ይልቅ የራሷን ሚዛን ስታምን እንደሆነ አስታወሰኝ። እንድጾምና ንስሐ እንድገባ መከረኝ። በክፋት እንዳልጻፈው ይታወቃል። ግን አንብቤ ስጨርስ ሌሊቱ ረዘመብኝ።

ምላሽ 3 የሕግ ትምህርት ያለው ሰው ይመስላል። ሐሳብና ድርጊት ፍጹም እኩል ከሆኑ፣ አንዴ በሐሳቡ የወደቀ ሰው ድርጊቱን የሚተውበት ምክንያት አይኖረውም ይላል። ዕዳው ያው ነዋ! ይህ ደግሞ ጌታ በማቴዎስ 5 ከሰበከው ስብከት ዓላማ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። ስብከቱ ሰውን ከክፉ ሊያርቅ እንጂ በሩን ሊከፍትለት አልተነገረም። የጥንቱ የሮማ ሕግ እንኳ ማንም ስለ ሐሳቡ ብቻ አይቀጣም የሚል ደንብ እንደነበረው ጨመረ። ምላሽ 2 የሰጠው ሰው ወዲያው ተመልሶ፣ እግዚአብሔር በሮማ ሕግ አይገዛም አለ። እውነቱን ነው። የምላሽ 3 ዋና ነጥብ ግን የሮማ ሕግ አልነበረም። ያ ነጥብ እስካሁን አልተመለሰም።

ምላሽ 5 የጻፈው ወንድም ግሪክኛ ያጠና ነው። በአማርኛው ማየቱና መመኘቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በግሪክኛው ግን የሚያየው ለመመኘት ብሎ እንደሆነ የሚያሳይ አገባብ አለ ይላል። ማለትም ጥቅሱ የሚናገረው ዓይኑ ስላረፈበት ሰው አይደለም። ምኞቱን ሊቀልብ ብሎ ዓይኑን ስለሚያሰማራ ሰው ነው። ከዚያም አትመኝ የሚለውን ትእዛዝ አነሳ። በኦሪት ዘጸአት 20 ያለው የዕብራይስጡ ግስ የራስ ለማድረግ ወደ መመኘት የሚያደላ ነው አለ።

ምላሽ 6 በአክብሮት አረመው። በኦሪት ዘዳግም 5 ያው ትእዛዝ ሲደገም ሌላ ግስም ገብቷል፤ እሱ ደግሞ የውስጥ መሻትን ራሱን የሚናገር ነው። ስለዚህ ትእዛዙ ልብን አይነካም ማለት አይቻልም። ምላሽ 5 እርማቱን ተቀበለ፣ አመሰገነም። እንዲህ ያለ ጨዋነት ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ምላሽ 7 ላይ ትንፋሼ ቆመ። ጸሐፊዋ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4ን እንዳነብ ነገረችኝ። ጌታ በመቅደሱ ጫፍ ላይ ቆሞ የቀረበለት ሐሳብ ምን ነበር? ራስህን ወደ ታች ወርውር። ከፍታ፣ ወደ ታች ማየት፣ መወርወር። ሐሳቡ ቀርቦለታል፤ ግን አልተቀበለውም። የዕብራውያን መልእክት 4፥15 እንደ እኛ በሁሉ ተፈተነ፣ ኃጢአት ግን የለበትም ይላል። የሐሳቡ መምጣት ራሱ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ይህ ጥቅስ መቆሚያ አይኖረውም። ስንት ጊዜ ያነበብኩት ምዕራፍ ነው፤ እንዲህ አድርጌ ግን አይቼው አላውቅም።

ምላሽ 8 አልተስማማም። ለጌታ የቀረበው ፈተና ከውጭ ነው፣ የእሷ ግን ከውስጧ ነው አለ። ጥያቄው ከባድ ነበር፤ እኔም ለሁለት ቀን መልስ አጣሁለት። ምላሽ 9 የያዕቆብን መልእክት ይዞ መጣ። ምዕራፍ 1፥14–15 ፈተና ከራሳችን ምኞት እንደሚነሳ ያምናል። ግን እዚያው ላይ ደረጃ ያስቀምጣል፤ ምኞት ይጸንሳል፣ ከዚያ ኃጢአትን ይወልዳል፣ ኃጢአትም ሲያድግ ሞትን። ጽንስ ደግሞ ለብቻ አይሆንም። ምኞት የሚጸንሰው ፈቃዳችን ሲተባበረው ነው ብሎ ፈታው። በእኔ ልብ ውስጥ ያን ዕለት ምን ተጸነሰ? ድንጋጤ ብቻ።

ምላሽ 10 ረጅም ነው፣ ጊዜ ስጡት። ከ1,600 ዓመት በፊት በግብጽ በረሃ የነበሩ መነኮሳት ይህንኑ ጥያቄ በየቀኑ ይጋፈጡት እንደነበር ይተርካል። ኤቫግሪዮስ የተባለው አባት ስምንት ክፉ ሐሳቦችን ዘርዝሮ፣ እንዳይመጡ ማድረግ የእኛ ሥልጣን እንዳልሆነ፣ እንዲቆዩና እንዳይቆዩ ማድረግ ግን የእኛ እንደሆነ ጽፏል። አውግስጢኖስ ደግሞ በሦስት ይከፍለዋል፤ ሐሳቡ ብቅ ይላል፣ ደስ ያሰኛል፣ ፈቃድ እሺ ይላል። ኃጢአቱ የሚሞላው እሺታው ላይ ነው። ምላሹ የሚያልቀው አንድ ወጣት መነኩሴ ሐሳብ በዛብኝ ብሎ ወደ አንድ ሽማግሌ በሄደበት ታሪክ ነው። ሽማግሌው ወደ ውጭ አወጣው። ልብስህን ዘርጋና ነፋሱን ያዘው አለው። አልችልም አለ ወጣቱ። እንግዲያው ሐሳብም እንዳይመጣ ማድረግ አትችልም፤ የአንተ ድርሻ መቋቋም ነው አለው።

ከ11 እስከ 13 ያለው ዝም ብሎ ንትርክ ነው። አንዱ የመነኮሳት አባባል ለእኔ ማስረጃ አይሆንም አለ። ሌላው ሉተርም እኮ ወፎች ከራስህ በላይ እንዳይበሩ መከልከል አትችልም፣ ጸጉርህ ላይ ጎጆ እንዳይሠሩ ማድረግ ግን ትችላለህ የሚለውን የጠቀሰው ከእነሱ ነው ብሎ መለሰ። ከዚያ ስድብ ቢጤ ገባበት። መሐል ላይ ደግሞ አንዱ በሕልም የሠራሁትስ ያስጠይቀኛል ወይ ብሎ ጠየቀ። የሚመልስለት አላገኘም። አድሚኑ ሁለት ኮሜንት አጠፋ፣ ነገሩም በረደ።

ምላሽ 14 የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነች። እህቴ ብላ ነው የጀመረችው። ሳይጠሩ የሚመጡ አስደንጋጭ ሐሳቦች ከመጠን በላይ የተለመዱ ናቸው አለች። በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ሕመም ከሌለባቸው ሰዎች ከ10 ስምንቱ ያህል እንደሚመጣባቸው አሳይቷል። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ በ13 አገሮች 777 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተጠይቀው፣ 94 በመቶ ያህሉ ባለፉት ሦስት ወራት ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ሐሳብ መጥቶብናል ብለዋል። ልዩነቱ ሐሳቡ መምጣቱ አይደለም፤ ሰውየው ለሐሳቡ የሚሰጠው ትርጉም ነው። ማሰብ ማድረግ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ሐሳቡን ሲያባርር ይውላል። ሲያባርረው ይብስበታል።

ይህንን ለማስረዳት የነጭ ድቡን ሙከራ አነሳች። በ1987 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹ ሰዎችን ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ፣ ካሰቡም ደወል እንዲደውሉ አዘዟቸው። ደወሉ መደወሉን አላቆመም። ጭራሽ በኋላ እንዲያስቡ ሲፈቀድላቸው፣ ከመጀመሪያው ከተፈቀደላቸው ሰዎች በላይ ድቡ ተመላለሰባቸው። የእኔም ሰበብ ፈጥሮ ልጅቷን መሸሽ ሐሳቡን የሚቀልበው እሱ ነው አለች። ሐሳቡ እንዲህ የሚያስጨንቀኝ ልጅቷን ስለምወዳት እንደሆነ ነገረችኝ። እየደጋገመ የሚያሠቃየኝ ከሆነ ኦሲዲ (የማይፈለግ ሐሳብ እየተመላለሰ የሚያስጨንቅበት የአእምሮ ሕመም) ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ዘንድ ቀርቤ እንድታይ፣ ሕክምና እንዳለውም ጻፈች። ሐሳቡ ደስ የሚያሰኝ፣ ዕቅድ ያለው፣ ወይም የሚያዝ ድምፅ ያለበት ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያኔ አንድ ቀን ሳይታደር እርዳታ መፈለግ ያስፈልጋል አለች። ይህን ለብቻው ያዙልኝ።

ምላሽ 15 ተቆጣ። ኃጢአት የሚለው ቃል እየጠፋ ሁሉም ነገር በሽታ እየተባለ ነው አለ። ቁጣው አልተመቸኝም። ሥጋቱን ግን አልናቅኩትም። ለምን እንዳልናቅኩት የሚቀጥለው ምላሽ ያሳያችኋል።

ምላሽ 16 የአንድ ሰው ኑዛዜ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባው ከዳው፤ በእሱም ምክንያት ከሥራ ተባረረ። ሰውየውን አልነካውም። ስሙን እንኳ በክፉ አንስቶ አያውቅም። ግን ሁልጊዜ ማታ መብራት አጥፍቶ ሲተኛ የዚያን ሰው ቀብር ያዘጋጃል። ማን እንደሚመጣ ይመርጣል። እሱ ራሱ የቱ ጋ እንደሚቆም ያውቃል፤ ከኋላ፣ ከዛፍ ሥር። ሰዎቹ ስንት እንደሆኑ ይቆጥራል፣ ሁሌም ጥቂት ናቸው። አንዳንድ ቀን ያደረገውን ጫማ እስኪያይ ድረስ ነው አሉ የሚያስበው። እንቅልፍ የሚወስደው ከዚያ በኋላ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እጄ ንጹሕ ነው ብሎ ኖሯል። ለእኔ የተጻፈልኝን ማጽናኛ ሁሉ አንብቦ፣ ይህ ለእኔ አይሠራም አለ። የእኔ ሐሳብ አልመጣብኝም፤ እኔው ነኝ በየማታው የምጠራው አለ። ወንድሙን የሚጠላ ነፍሰ ገዳይ ነው የሚለውን የዮሐንስ መልእክት ጠቅሶ አበቃ።

ያን ምላሽ ሳነብ የጌታን ቃል ለምን መጣል እንደማይቻል ገባኝ። እኔን ያስጨነቀኝ ቃል ለእሱ መድኃኒት ነው። ጉዳት ያላደረሰ ሐሳብ አያስጠይቅም ብንል፣ ይህ ሰው ከዛፍ ሥር እንደቆመ ይቀራል።

ምላሽ 17 አንድ መስመር ናት፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚለውን ተረት ጻፈችና ሄደች። ምላሽ 18 ግን ነገሩን እስከ ጫፍ ወሰደው። በ12ኛው መቶ ዘመን የነበረውን የፈረንሳይ ፈላስፋ ፒየር አቤላርን ጠቀሰ። ኃጢአት ማለት ፈቃድ እሺ ማለቱ ነው፤ ድርጊቱ በዚያ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም የሚል ሙግት ነው። ሁለት ሰዎች ለድሆች ቤት ሊሠሩ ቆረጡ እንበል። አንዱ ሠራ፣ የሌላው ገንዘብ ተሰረቀ። ያልሠራው በእግዚአብሔር ፊት ያንሳል? አያንስም። በክፉውም በኩል እንዲሁ ነው ይላል። ሙግቱ ያምራል። እኔም ለጥቂት ሰዓት ተቀብየው ነበር።

ምላሽ 19 ያንን አፈረሰችው። በዚህ ክር ውስጥ ከሁሉም የሰላው ምላሽ ነው። ባሏ ያመነዘረባት ሴት ነች። ምኞትና ድርጊት አንድ ነው የምትሉኝ ሰዎች በእኔ ቤት አላደራችሁም አለች። ባሌ በልቡ ብቻ ቢመኝ ኖሮ ልጆቼ ዛሬ በሁለት ቤት አይኖሩም ነበር። ንጉሥ ዳዊት ሰገነቱ ላይ ባየው ነገር ቢያቆም ኖሮ ኦርዮ በሕይወት ይኖር ነበር። ጌታ በልቡ አመንዝሯል ሲል የልብን ነገር ለልብ ባለቤት ተናገረ እንጂ፣ የተበደለውን ሰው ከሒሳቡ አላወጣም። ምላሽ 18ን በቀጥታ ተናግራ፣ ድርጊት የሚጨምረው ነገር የለም የሚል ሰው ድርጊቱ ያረፈበትን ሰው ረስቷል ብላ ደመደመች። እሱም ይቅርታ ጠየቀ። አቤላር የተናገረው ስለ በደለኛው ጥፋት እንጂ ስለ ጉዳቱ እንዳልሆነ ለማስረዳት ሞከረ። ልክ ሊሆን ይችላል። ለእሷ ግን በዚያ ሰዓት የሚነገር አልነበረም።

ከ20 እስከ 24 ክሩ ወጣ ወጣ አለ። ስልክ ላይ ስለሚታዩ ምስሎች፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ የትኛው ትርጉም ይሻላል ስለሚለው። ስለ ምስሎቹ ግን አንድ ጥሩ ነገር ተባለ። ዓይን ላይ ድንገት የመጣና ተፈልጎ የተከፈተ አንድ አይደሉም፤ ጣት ሲነካው ሐሳብ መሆኑ አበቃ።

ምላሽ 25 የምላሽ 2 ሰውዬ ነው። ተመልሶ መጣ። የዕብራውያኑን ጥቅስ መመለስ እንዳልቻለ አመነ፤ መፈተን ኃጢአት ነው ማለቱን ትቶታል። ሌላውን ግን አልለቀቀም። ሰው ልቡን ሲመረምር ሁልጊዜ ለራሱ ያደላል፣ የመጣብኝ ነው የሚለው ብዙው የጠራው ነው አለ። እዚህ ላይ ከእሱ ጋር ነኝ። ለእኔ ባይሆንም ለብዙ ሌላ ሐሳቤ ልክ ነው።

ምላሽ 26 ኦሪት ዘፍጥረት 4ን አወጣ። ቃየን ገና ሲቆጣና ፊቱ ሲጠቁር እግዚአብሔር ምን አደረገ? ጠየቀው። ስለ ምን ተቆጣህ? ኃጢአት በደጅህ አድፍጣለች፣ ፈቃዷም ወደ አንተ ነው፣ አንተ ግን ንገሥባት። ቅጣት የለም፣ እርግማን የለም። ከገደለ በኋላ ግን የወንድምህ ደም ከምድር ይጮኻል አለው። ለቁጣው ጥያቄና ማስጠንቀቂያ፣ ለግድያው ፍርድ። ሐሳብን ችላ አላለም፤ ከድርጊትም ጋር አልቀላቀለውም። አእምሮዬ የሚጠይቀው ልዩነት መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ፣ ለመጀመሪያው ነፍሰ ገዳይ፣ ተነግሮ ነበር። ይህን ምላሽ አንብቤ አለቀስኩ። ለሁለት ወር በእምነቴና በአእምሮዬ መካከል ስቀደድ ነበር። እኔን የቀደደኝ የቃሉ አንዱ ቁራጭ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ብዙዎቹ ምርቃትና ምስጋና ናቸው። ምላሽ 30 ላይ እኔ ጻፍኩ። ባለሙያ ዘንድ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ባለፈው እሑድ ልጅቷን አቀፍኳት። አሁን ጭንቅላቷን ራሷ ትይዛለች፤ ጸጉሬንም ትጎትታለች። ደረጃው ጋ ስደርስ ያው ሐሳብ መጣ። መጣህ? አልኩት በልቤ። አልተጣላሁትም፣ አላስቀመጥኩትም። አንድ በአንድ 14 ደረጃ ወረድኩ፣ ልጅቷም አብራኝ ወረደች።

ምላሽ 33 ላይ ባሏ የከዳት እህት ለምላሽ 16 ሰው ጥያቄ አቀረበችለት። ዛሬ ማታ መብራት ስታጠፋ ምን ልታስብ ነው? ከዚህ በፊት እንደጻፈችው ስል አልነበረም።

ምላሽ 34 የእሱ መልስ ነው፤ ትናንት ሌሊት የተጻፈ። ቁጥሩን ከድሮ ማስታወሻ ፈልጎ አገኘው። ሁለት ጊዜ ደወለ፣ ስልኩ አልተነሳም። ምን ሊል እንደነበር እንኳ በቅጡ አያውቅም። ነገ ከሥራ በፊት ደግሞ እንደሚሞክር ጻፈ።